ከበሩ ወዲያ ያለችው

ጥቅምት 9

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስታነቢ «ምን ደህና ትሆናለች» ብለሽ ከንፈርሽን እንደምትመጪ አውቃለሁ። እዚህ ሁሉን ነገር በትክክል እንድንናገር ስለሚያስገድዱን ላስተካክለው፤ ጠዋት ደህና ነበርኩ፣ ከምሳ በኋላ አልነበርኩም፣ አሁን ደግሞ ይሻለኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። የለም፣ መስኮቱ ላይ ብረት የለም። እስር ቤት አይደለም፤ መውጣት ያሰኛት ሻንጣዋን አንስታ መውጣት ትችላለች። ብቻ እንዲህ የወጣች ተመልሳ አትገባም፣ ይህን ፈርመን ነው የገባነው። ስልካችንን የሰበሰቡት ደግሞ ለክፋት አይደለም። ስንናደድ ጆሮ ላይ እንዘጋለን፣ ስንደነግጥ ሃያ ጊዜ እንደውላለን። ደብዳቤ ግን መልሱ እስኪመጣ ያስጠብቃል፣ መጠበቅ ደግሞ እኛ የማንችለው ነገር ነው። ስለዚህ በስክሪብቶ ጣቴ እስኪያብጥ ልጽፍልሽ ነው፣ ቻዪው።

«በሽታሽ ስም አለው ወይ?» ላልሽውም፣ አለው። ቦርደርላይን የሚሉት የስብዕና መታወክ ነው። ሲያስረዱን እንዲህ ነው ያሉን፤ ለሌላው ሰው፣ ከክፍል የወጣ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ አለ። ለእኛ ግን የለም። የወደድነው ሰው ፊቱን ካዞረ ወይ ሞቷል ወይ ጠላት ሆኗል፤ መሃል ላይ ምንም የለም። ብቻችንን ስንቀር ደግሞ እኛም የለንም። መስታወት ፊት ቆሜ «ይቺ ማናት?» የምልበት ጊዜ እንዳለ ነግሬሽ አላውቅም፣ አይደል?

ለዚህ ነው መሰለኝ እዚህ አንድ ደንብ ያለው። ማንም ሰው ከክፍል ሲወጣ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ጮክ ብሎ ይናገራል። «ሽንት ቤት ደርሼ አሁኑኑ እመለሳለሁ» እያሉ መውጣት እንዴት እንደሚያሳፍር! ሐኪሞቹም ይናገራሉ። የእኔዋ ሐኪም እርጋታዋ ደም ያፈላል፤ ምንም ብትያት «ቆዪ እስቲ» ነው መልሷ። ስሟን ትተን «ወይዘሮ ቆዪ-እስቲ» ብለናታል።

እሷ ትናንት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ልጅሽ የት እንዳለሽ ታውቃለች?» አለችኝ። «እህቴ ነግራታለች» አልኳት። እኔ የወጣሁት ድንቡሼ ተኝታ ሳለች ነው፣ ስትነሳ የጠበቅሻት አንቺ ነሽ። ነግረሻታል አይደል እትዬ? እዚህ የገባሁት እናቷ ሆኜ ልመለስላት ብዬ ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም።

ታናሽሽ

ጥቅምት 24

ለሚጡ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የስፌት መኪናዋ ብቻ ታማለች። ጠጋኙ አገላብጦ አይቷት «ይቺ ጡረታ ትውጣ» ቢለኝ «መጀመሪያ አንተ ውጣ» አልኩት። ተኳርፈን ተለያየን። ለነገሩ ቀበቶዋን ቀይሬ በራሴ እጅ አስነስቻታለሁ።

ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ወዲህ በላክሻቸው የጠየቅሽኝን ልመልስ። ድንቡሼ ትበላለች። ጉንጯ መለስ ብሏል። ጫማው ጠቧት ነበር፣ ተለውጧል። አዎ፣ መባነኗም ቀርቷል። ፀጉሯን ማን ይሠራታል ላልሽው፣ እኔ እንጂ ማን ይሠራታል? መጀመሪያ ላይ «እንደ እማዬ አይደለም» እያለች ታለቅስ ነበር። አሁን እንደ አንቺ አድርጌ ለምጄዋለሁ፣ አታለቅስም።

ነግሬያት እንደሆነ ጠየቅሽኝ። ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ልጅ በልጅ ቋንቋ ነው የሚነገራት። ገብቷታል፣ ተረጋግታለች፣ አንቺ ራስሽን አስታሚ። ሐኪምሽን ሰላም በይልኝ። «ቆዪ እስቲ» ለማለት ይህን ያህል ትምህርት ካስፈለገ እኔ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሐኪምሽ ነበርኩ ማለት ነው።

ልብሶችሽን ብል እንዳይበላቸው አወጣና አናፍሳቸዋለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስሽን ወገቡ ላይ ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ። ስትመጪ መልሼ አጠበዋለሁ፤ እጄ ሥራ ካጣ ዝም እንደማይል ታውቂያለሽ። ድንቡሼ ማታ ማታ በርሽ ላይ ቆማ «ደህና እደሪ» ሳትልሽ አትተኛም። ደስ ብሏት ነው የምትተኛው፣ ስለዚህ አንቺም ደስ ይበልሽ።

እህትሽ

ኅዳር 11

ለተከበሩ እህቴ፣

ደብዳቤዎ አልደረሰኝም። አልጻፉትምና ሊደርሰኝ አይችልም። ገብቶኛል። ሸክምዎ ቀልሎልዎታል፣ ቤቱም ጸጥ ብሎልዎታል። ድሮም እንዲህ ነዎት፤ በደግነት ይጀምሩና በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል፣ የተዘጋበት ሰው እንኳ ድምፁን አይሰማም።

ልጄን በሰላም ያሳድጉ። ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

የቀድሞ እህትዎ

ኅዳር 12

እትዬ፣

በሞቴ፣ የትናንቱን አታንብቢው። ደርሶሽ ከሆነ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ደብዳቤሽ ለካ ከሌላ ሴት ፖስታ ጋር ተጣብቆ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ዛሬ ሲሰጡኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወይዘሮ ቆዪ-እስቲ ነገሩን ስነግራት «ትናንት እህትሽ የት ነበረች?» አለችኝ። «የለችም ነበር» አልኳት። «ዛሬስ?» «አለች።» «በመሃል የት ሄዳ ነው?» አለችኝ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ትናንት አልነበርሽም። ፊትሽን ላስታውስ ብሞክር የሚመጣልኝ ጀርባሽ ነበር።

ደግሞ ጊዜው ከፍቶብኝ ነበር። ረጅሟ፣ ባለፈው ስለ እሷ የጻፍኩልሽ፣ አብራን የምትታከመው፣ ለማንም ሳትናገር ሄደች። እዚህ አንዲት ሴት ሳትሰናበት ከሄደች ወንበሯ ወዲያው አይነሳም። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ባዶውን እንደያዝነው እንቆያለን፣ ልንላት የነበረውን ሁሉ ለወንበሩ እንናገራለን። የመጀመሪያው ቀን ሞኝነት መስሎኝ ሳቄን ዋጥኩ። በማግስቱ ፀጉር ሠሪዋ፣ አብራኝ የምትተኛው፣ ስትናገር ወንበሩን አየሁት። ትራሱ ገና አሁን ሰው እንደተነሳበት ጎድጉዷል። የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ደብድባ አስተካክላው ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ለቀጣይዋ አሳለፍኩት። ብናገር የሚመልስልኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድንቡሼ የክፍሌ በር ላይ ቆማ «ደህና እደሪ» የምትለው ለማን ነው? ክፍሉ ባዶ እንደሆነ ታውቃለች አይደል?

ሚጡሽ

ኅዳር 28

ለሚጡ፣

የለም፣ አልተቀየምኩም። «እርስዎ» ስትይኝ ግን አርጅቼ እንደሆነ ብዬ መስታወት አየሁ። የአንቺን ኩርፊያ ብቀየም ኖሮ አንቺ ዳዴ ስትይ ነበር የምንጣላው። ሁለተኛ ግን እንደዚያ ያለ ወንበር በደብዳቤ አትላኪልኝ። እኔ ብቻዬን ነው የማነበው።

አዎ፣ ከስቻለሁ። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፣ ሥራ በዝቶ ነው። እንዲያውም የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ ልትለካ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «እህትሽ የለችም?» አለችኝ። «የትኛዋ እህቴ?» «ልብስ ሰፊዋ ነቻ! ለዛሬ ቀጥራኝ ነበር።» ሚጡ፣ የቀጠርኳት እኔ ነኝ እኮ! ስንት ዓመት የማውቃት ሴት ናት። ሳቅሁባት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ሜትሬን አንስቼ አንገቴ ላይ እስካደርግ ድረስ ትክ ብላ ታየኝ ነበር። የቸኮልኩበት ቀን ስለነበር ልብሴን ሳልቀይር ወጥቼላት ኖሯል።

ለማን ነው የምትለው ላልሽው፣ ላንቺ ነዋ። ለማን ትበል? ልጅ ናት፣ ሆዷ እንዳይባባ ነው። ይልቅ ሥዕል ሥላልሻለችና ልኬልሻለሁ። ማንም አልረዳትም፣ ቤቱንም አንቺንም ራሷ ናት የሣለችው። ጎረቤቶች ሰላም ብለውሻል።

እህትሽ

ታኅሣሥ 8

እትዬዋ፣ ነፍሴ፣

ሥዕሉ ደረሰኝ! አልቅሼ አልቅሼ ወረቀቱን እንዳላርሰው ፀጉር ሠሪዋ ከእጄ ቀማችኝ። ድንቡሼ እኔን ሥላለች! በሩን፣ ራሷን፣ እኔን ከበሩ ወዲያ፣ አረንጓዴውን ቀሚሴን ለብሼ። እየሳቅሁ ነው እትዬ። አልረሳችኝም። ለሁሉም አሳየሁ። ለወይዘሮ ቆዪ-እስቲ «ይኸው፣ እናቷን ከፊቷ ብታጣም አላጠፋቻትም፣ እንደ እኔ አይደለችም» አልኳት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የእኔ ናት። አንቺን የመሰለች እህት በምድር ላይ የለችም፣ ከሞትሽ አብሬሽ እሞታለሁ።

ከምሳ በኋላ ነው አሁን የምጽፈው።

ፀጉር ሠሪዋ አልጋዬ ራስጌ ላይ ስትለጥፍልኝ ቀረብ ብላ አየችውና «እናትየዋ አንገት ላይ ያለው ቢጫ ነገር ምንድን ነው? ሻርፕ ነው?» አለችኝ። አየሁት። ሻርፕ አይደለም። በሁለት በኩል እስከ ሆዷ ወርዷል፣ ላዩ ላይ ድንቡሼ ጥቃቅን ጭረቶችን ደርድራበታለች።

ሜትር ነው። አንገቴ ላይ ሜትር አድርጌ አላውቅም።

እትዬ፣ አሁን አልጮህም፣ እጄንም ምንም አላደርገውም፣ ነርሷ አጠገቤ አለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ከበሩ ወዲያ ያለችው ማናት?

ታኅሣሥ 19

ለሚጡ፣

እኔ ነኝ።

እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቀላል ሆነ። በማግስቱ በላክሽው ሁለተኛ ደብዳቤ መቼ እንደተጀመረና ለምን እንዳልነገርኩሽ ጠይቀሻል፣ የሰደብሽኝን ስድብ ዘልዬ እሱን ልመልስ።

የወሰዱሽ ዕለት ድንቡሼ ከእንቅልፏ ተነስታ በርሽን አንኳኳች። «እማዬ ደክሟት ተኝታለች» አልኳት። ጠዋት ያንን ሁሉ አይታለች፣ ሌላ ምን ልበላት? ሲመሽ ክፍልሽ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ወለሉን አጸዳሁ። ያጸዳሁትን አንቺ ታውቂዋለሽ። ተንበርክኬ ሳለሁ ከበሩ ወዲያ «እማዬ» አለች። አፌ «ወዬ» አለላት። እምልልሻለሁ፣ አስቤ አይደለም፣ ሴት ልጅ ሲጠሯት እንደምትመልሰው ነው የመለስኩት። እሷም ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

ድምፃችን አንድ ነው። አባታችን እንኳ በስልክ መለየት ቢያቅተው «ከሁለት አንዳችሁ» እያለ ነበር የሚያናግረን። በማግስቱም መጣች፣ እኔም ቀድሜ ገብቼ ጠበቅኋት። ከዚያ እጅሽን ካላየሁ አለች፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እጄን ሰጠኋት። እጅጌው የአንቺ መሆን ነበረበት፣ ስለዚህ ቀሚሱን ለበስኩ። ከዚያ አልጋዋ ላይ ካልተቀመጥሽ አለች። አምፖሉን አደብዝዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማደብዘዙም ቀረ።

ታውቅ እንደሆነ ትጠይቂኛለሽ። እኔ እንጃ ሚጡ። አንዳንዴ ፊቴን ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። እያወቀች የተወችኝ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ለእኔ፣ ለአክስቷ፣ «ትናንት እማዬ መጥታ ነበር» ብላ ታወራኛለች፣ እኔም «እውነት?» እላታለሁ፣ ሁለታችንም ፊታችን ላይ ምንም የለም።

ልትቀየሚም ትችያለሽ፣ ግን ደህና እናት ናት። አትጮህም። ዕቃ አትወረውርም። እያቀፈች በመሃል ገፍታ አትጥልም። ድንቡሼ አንድ ቀን «እማዬ ድሮ ክፉ ነበርሽ፣ አሁን ግን ያቺ ሄዳለች» አለቻት። አለችኝ ማለቴ ነው።

ተይ ብለሽኛል። እንዴት ልተው? ለልጅቷ እናቷን በየትኛው ቀን ልግደልባት? ደግሞ እኔም ፈርቻለሁ። ሰሞኑን ከሰዓት ስፌቴ ላይ ሆኜ ከክፍልሽ ድምፅሽን ሰማሁ። «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ እየበላሽ አትጫወቺ» ይላል። አንቺው ነሽ፣ አንቺ እንደምትይው። መቀሴን አስቀምጬ ሄድኩና በሩን ከፈትኩ። ድንቡሼ ብቻዋን አልጋሽ ላይ ተቀምጣለች። «ማን ነው ያወራው?» «እማዬ ናት።» «የታለች?» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ በራሴ ልብስ። ልጅቷ ራሷ ድምፃችንን ወርሳ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያንን በር ጀርባዬን ሰጥቼው መስፋት አልቻልኩም።

አረንጓዴውን ቀሚስ እንደገና አጥብቤዋለሁ። ወገቤ ለካ በአንቺ ልክ ሆኗል።

እህትሽ

ጥር 6

እትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ሰላምታ ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርሽም።

የሰማሽው እውነት ነው፣ ሻንጣዬን አንስቼ ነበር። ዋናው በር ጋ ደርሼም ነበር። ወይዘሮ ቆዪ-እስቲ ልትከለክለኝ አልመጣችም። በደንቡ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «የት ነው የምትሄጂው? መቼ ነው የምትመለሺው?» «ልጄን ከሌባ ላስጥል» አልኳት። «ቆዪ እስቲ፣ የተሰረቀሽ ምንድን ነው?» «ቦታዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ ዘበኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ያንን በር ካለፍኩ ተመልሼ እንደማልገባ አስታወስኩና እዚያው ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ያነሱኝ ሲመሻሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ጠላኋችሁ፣ ወይዘሮ ቆዪ-እስቲንም አንቺንም። አሁን የገባኝን ልንገርሽ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ለሁለት ስከፍል ኖሬያለሁ። ያው ሰው ዛሬ መልአክ፣ ነገ ሰይጣን ነው፤ መልአኩ ሲመጣ ሰይጣኑን እረሳዋለሁ፣ ሰይጣኑ ሲመጣ መልአኩን። አንቺንም እንዲሁ ሳደርግሽ በደብዳቤዎቼ አይተሻል። ድንቡሼ አሁን ያንኑ እየተማረች ነው። አንዲት የምትጮኽ እናት ነበረቻት፣ ሄደች። አንዲት የማትጮኽ እናት ከበሩ ወዲያ መጣችላት። እኔ ልድን ብዬ እዚህ የገባሁለት በሽታ እዚያ፣ እኔ ክፍል ውስጥ፣ በእኔ ቀሚስ ለልጄ እየተሰፋላት ነው። አንቺ ክፉ ሆነሽ አይደለም። ሆድሽ አልችል ብሎ ነው።

የእህቴ ልብ ይሰበራል ብዬ ዝም ብል ደግሞ ስመለስ የምገባበት ቤት አይኖረኝም። ለልጄ የምትጮኸዋ ሆኜ እቀራለሁ፣ ዕድሜ ልኳን ያቺኛዋን በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

በወሩ መጨረሻ የቤተሰብ ቀን አለ። ይዘሻት ነይ። በራስሽ ልብስ፣ በራስሽ ፀጉር ነይ። እዚህ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ «ማታ ማታ የምመጣው እኔ አክስትሽ ነበርኩ» በያት። ፈርቻለሁ እትዬ። ድንቡሼ ሁለታችንን ጎን ለጎን ስታየን ምን እንደምትል አስቤ እንቅልፍ የለኝም።

ታናሽሽ

የካቲት 4

ለሚጡ፣

በሰላም ገብተናል።

ድንቡሼ በቤተሰብ ቀኑ ላይ ስላለችው ነገር ይቅርታ አድርጊላት። እኔ አላስተማርኳትም፣ እንዲህ ባለ ነገር አትጠርጥሪኝ። «ይቺ የምትጮኸዋ ናት፣ ያቺኛዋስ?» ስትል ፊትሽን አየሁት። ድሮ ቢሆን ጠረጴዛው ይገለበጥ ነበር። አንቺ ግን እዚያው ተቀመጥሽ። እጅሽን ወንበሩ ሥር ጨብጠሽ «እኔ ነኝ» አልሻት። ሚጡ፣ ያን ጊዜ ነው መዳንሽን ያመንኩት፣ በደብዳቤሽ አላመንኩም ነበር።

ሐኪምሽ እኔን «እርስዎስ ማን ነዎት?» ስትለኝ ምን ነክቶኝ እንደዚያ እንዳልኩ ጠየቅሽኝ። እኔም አላውቅም። ቀላል ጥያቄ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የእናትየዋ እህት ነኝ፣ ማለት ይቻላል። አፌ ግን «የድንቡሼ እናት» አለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ። ሁላችሁም ዞራችሁ ስታዩኝ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሲመልስ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ማታ ማታ አሁን ምን እንደምሠራ ጠይቀሻል። እቀመጣለሁ። ድንቡሼ በርሽ ላይ ቆማ ትጠራለች፣ እኔ በራሴ ድምፅ «የለችም የእኔ ቆንጆ፣ ሆስፒታል ናት» እላታለሁ፣ እሷም በሩን እንጂ እኔን አታይም። ከተኛች በኋላ ድሮ፣ ይሄ ሁሉ ሳይመጣ፣ ምን እሠራ እንደነበር ላስታውስ እሞክራለሁ። ሬዲዮ እሰማ ነበር? ከማን ጋር ነበር የምጫወተው? አልመጣልኝ ይላል።

ስለዚህ ቆርጫለሁ፣ አትከራከሪኝ። አንቺ ስትመጪ እኔ ከገበያው አጠገብ ያቺን ትንሽ ክፍል ይዤ የስፌት መኪናዬን እወስዳለሁ። እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ድምፄም እዚህ ቤት ነው፣ ድምፄ ካለ ደግሞ ያቺ ሴትዮ አለች። እኔና እሷ እንደ ሁለት ሰው እስክንለያይ ራቅ ልበል። ቀሚሱን ግን አብሬ አልወስደውም። አንቺ ላይ ያምራል።

እህትሽ

መጋቢት 29

እትዬ፣

ክፍልሽ ተመቸሽ ወይ? መብራቱ ለስፌት ይበቃል? ያቺ ጡረተኛ መኪናሽስ ጉዞውን ቻለችው? እሑድ ምሳ ከእኛ ጋ ነሽ፣ ቀረሁ ብትይ ሁለታችንም መጥተን እንጎትትሻለን።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ቤቱ ደህና ነው። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ በየሳምንቱ ወይዘሮ ቆዪ-እስቲ ዘንድ እሄዳለሁ። ድንቡሼ ምሳዋን ከእጄ ትበላለች፣ ፀጉሯን ግን አታስነካኝም። ቀን ቀን እንደ እንግዳ ነው የምታየኝ፣ «እባክሽ» እና «አመሰግናለሁ» እያለች። «ያንን ነገር አሁንም ታደርጋለች ወይ?» ብለሻል። እንዳትሰጊ ዝም ልልሽ ነበር፣ ግን ዝም መባባሉ የት እንዳደረሰን አየነው።

እስከ ትናንት ታደርግ ነበር። ሲመሽ፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ እያለሁ፣ ትነሳና የክፍሌን በር ትዘጋዋለች። ከዚያ ውጭ ቆማ «እማዬ» ትላለች። እኔ ከኋላዋ ነኝ እኮ እትዬ! ባዶ ክፍል ነው የምትጠራው። ጠርታ ጆሮዋን ትጥላለች። እኔም ሳላውቀው ጆሮዬን እጥላለሁ፣ አንድ ሁለቴ ከክፍሉ ቀሚስ ሲንሿሿ የሰማሁ መስሎኝ ትንፋሼን ይዣለሁ። ያ «ወዬ» ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ይቆማል። ቃሉን ባወጣው ያልቃል። ድምፁ ያው ነው፤ ከኋላ ሆኜ ብመልስላት ሳቃ ትተኛለች፣ ትወደኛለች፣ በቃ። ስንት ጊዜ ከንፈሬን ነከስኩ መሰለሽ።

ትናንት ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «አልመለሰችም» አለችኝ። «አትመልስም። እዚያ ማንም የለም። ማታ ማታ ትመጣ የነበረችው አክስትሽ ናት፣ ስለምትወድሽ ነው። እሑድ ትመጣለች። እናትሽ እኔ ነኝ» ብያት በሩን ከፈትኩት። መብራቱን አበራሁ። ቁም ሳጥኑን፣ የአልጋውን ሥር፣ ሁሉንም ከፍቼ አሳየኋት። ያኔ አበደች። በጡጫዋ ደረቴን ደበደበችኝ፣ «አንቺን አልወድሽም! አንቺ የምትጮኸዋ ነሽ! ያቺኛዋን አምጪ!» እያለች። ዓለም ጨለመችብኝ እትዬ። ልነሳና ልወጣ፣ ሁሉንም ልተውላችሁና ልሄድ እግሬ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። አልተነሳሁም። «አዎ፣ የምትጮኸዋ እኔ ነኝ» አልኳት።

አልቅሳ አልቅሳ ደከማት። ወለሉ ላይ፣ በክፍሉ በር መሃል ተቀምጠን ነበር። አፍንጫዋን በእጅጌዬ ጠረገችና «አሁንም ትጮኺያለሽ?» አለችኝ። አይ፣ ሁለተኛ አልጮህም፣ ልላት ነበር። ውሸት ይሆናል። «አንዳንዴ ልጮህ እችላለሁ» አልኳት። «ከዚያ ትሄጃለሽ?» «አልሄድም።»

ብዙ አሰበች። ግንባሯን ስትቋጥር አንቺን ነው የምትመስለው። ከዚያ ወደኋላ ሸሸት አለችና፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች።

«እስቲ ጩኺ» አለችኝ።

ጮህኩ። ከሆዴ ነው የጮህኩት፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ውሻ ተነሳ። ድንቡሼ ትከሻዋን ሰብስባ ዓይኗን እንደጨፈነች ቆየች፣ ጩኸቱ ካለቀም በኋላ ቆየች። እኔም ጠበቅኋት። መጀመሪያ አንዱን ዓይኗን ገለጠች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። እዚያው ነበርኩ።

«እንደገና» አለችኝ።

ሚጡሽ